ሁለት ጎማና አንድ ቀኝ እጅ

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሱምበራን መንደር ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የድምፅ ማጉያ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ማጉያ እስከዚያ ቀን ድረስ ያስነገረው ነገር ሞት፣ ክትባት፣ የውኃ መቋረጥና አንድ ጊዜ ደግሞ የጠፋች ፍየል ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ እጁ ላይ ያለውን አስቀምጦ ጆሮውን ሰጠ።

«የተከበራችሁ የሱምበራን ነዋሪዎች፣» አለ የመንደሩ ጸሐፊ የፖኒራን ድምፅ፤ «ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በጎሚስታው በባንግ ቶጋር ሱቅ፣ የመንደሩ ጸሐፊ የሞተር ሳይክላቸውን የፊትና የኋላ ጎማ የሚቀይሩ መሆናቸውን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። አሮጌዎቹ ጎማዎች በምንጩ ኩርባ ላይ ለደረሰው ነገር ሙሉ ኃላፊነት የሚወስዱ ሲሆን አዲሶቹ የሚመረጡት መንገድ በመያዝ ችሎታቸው ብቻ ይሆናል። እናመሰግናለን።»

ማስታወቂያው ለመላው ሕዝብ ይነገር እንጂ የታሰበው ለአንድ ሰው ነበር። ያቺ ሰው በዚያ ሰዓት ከጽሕፈት ቤቱ ስድሳ እርምጃ ርቃ፣ በገዛ ቤቷ ማድቤት፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቴምፔ ትጠብሳለች። ፖኒራን ከሚስቱ ከዋርሲቲ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ጎማ መነጋገር አልፈለገም። ፊት ለፊት ከተቀመጡ ወሬው ጎማ ላይ እንደማይቆም ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰባ ስድስት ቀን በፊት ባልና ሚስት ከኬዱንግሳሪ ገበያ ሲመለሱ ዝናብ ያባራው ገና ነበር። የምንጩ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ከፊት ለፊታቸው የወረዳው አስተዳዳሪ ጥቁር መኪና መጣ። ፖኒራን በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ያን መኪና እጅ ሳይነሣ አሳልፎ አያውቅም። እጅ የሚነሣው ደግሞ በቀኝ ነው፤ በግራ ሰላም የሚል ሰው አስተዳዳሪ ቀርቶ የሰፈር ውሻ እንኳ አያከብረውም። ክፋቱ የሞተሩ ነዳጅ መስጫም የፊት ፍሬኑም በቀኝ በኩል ናቸው። ፖኒራን ቀኝ እጁን አነሣ፣ አንገቱን ሰበረ፣ ከንፈሩም «ሞንጎ» የሚለውን ሰላምታ ጀመረ። ሞተሩ የሚይዘው ሰው ሲያጣ በራሱ መንገድ ሄደ። ዋርሲቲ ከነዘንቢሏ በአየር ላይ ተሻግራ ሩዝ ማሳ ውስጥ እስከ ወገቧ ጭቃ ገብታ ተቀመጠች።

መኪናው ቆመ። ከውስጡ የወረደው ሾፌሩ ብቻ ነበር። አስተዳዳሪው ቢሯቸው ናቸው፤ እሱ መኪናውን ሊያሳጥብ ነው የሚወስደው። ፖኒራን ሚስቱን ጭቃ ውስጥ የጣላት ለባዶ ወንበር እጅ ሲነሣ መሆኑን የተረዳው ሾፌሩ ዋርሲቲን በብብቷ ይዞ ከማሳው ሲጎትታት ነው።

«ጎማው ነው፣» አለ ፖኒራን።

ከውድቀቱ በኋላ የተነገረ የመጀመሪያ ቃል በመሆኑ በዚያው ጸና። ሪፖርቱን እሱ ጻፈ፣ ማኅተሙን እሱ መታ፣ ፋይሉ ውስጥ ያስገባውም እሱ ነው። ሾፌሩ አዎ ጎማው ነው አለ። መንደሩም ጎማው ነው አለ። ዋርሲቲ ብቻ ምንም አላለችም። አንድ ጣቷም አልተቧጨረም። በማግሥቱ ግን ጎመን በሚነግደው በታናሽ ወንድሟ በጊዮ ሞተር ላይ፣ በሁለት የጎመን ቅርጫት መሀል ተቀምጣ ገበያ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከባሏ ጀርባ አልተቀመጠችም። ጠብ የለም። ሸሚዙ ይተኮሳል፣ ምሳው ይቀርባል። «ላድርስሽ» ሲላት ግን «ጊዮ እየመጣ ነው» ትላለች፤ ጊዮም በእርግጥ ይመጣል።

ይህን እስከ ጡረታው ሊችለው ይችል ነበር። ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ልጃቸው ጃትሚኮ ኬዱንግሳሪ ውስጥ ሚስት ያጫል። ሽማግሌው፣ ጎረቤቱ፣ ስጦታው በአሥራ አራት ሞተር ተጭኖ ኮረብታውን ተሻግሮ ይሄዳል። ከሁሉ ፊት የሚነዳው የልጁ አባት ነው፤ ከጀርባው የምትቀመጠው የልጁ እናት ናት። እናትየው ከጎመን ነጋዴ ጀርባ ተቀምጣ ከደረሰች የልጅቷ ወገኖች ምንም አይሉም። ፈገግ ብለው ሻይ ይቀዳሉ። በማግሥቱ ግን እህል ውኃው አልሆነም የሚል መልእክት ይልካሉ፤ ምክንያቱንም ማንም አይጠይቅም።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ከባንግ ቶጋር ሱቅ ፊት የተሰበሰበው ሕዝብ ለውኃ ኮሚቴ ምርጫ ከወጣው ይበልጣል። ሰው ሁሉ «ባንግ»፣ ማለትም «ጋሼ» የሚለው ቶጋር ከሱማትራ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አሁንም የሚያወራው ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ነው። አሮጌዎቹን ጎማዎች ከቸርኬው አላቆ፣ እጁ ላይ አዙሮ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን ጫን አድርጎ ሲያበቃ፣

«ይሄ ጎማ እኮ ምንም አልሆነም፣» አለ።

ጊዮ ቀና ብሎ ሰማይ ያይ ጀመር። ፖኒራን ባንግ ቶጋር ባይቸግረው አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያይለት በትሕትና ጠየቀ። ቶጋር ደግሞ አየ። መሀሉ ትንሽ አልቋል፣ ይህም ባለቤቱ ቀስ ብሎ ቀጥ ብሎ የሚነዳ ሰው ስለሆነ ነው፤ ጥርሱ አለ፣ ላስቲኩ አልደረቀም፣ ገና አንድ ዓመት ይሄዳል አለ። ቀጥሎም እውነት ሊማር ፈልጎ፣ እንደ አባት በአክብሮት ጠርቶ፣

«ፓክ፣ ምን አድርገውት ነው የወደቁት?» ሲል ጠየቀ።

ፖኒራን ሳል ያዘው። ከጉድ ያወጡት የመንደሩ አዛውንት ኮከብ ቆጣሪ ምባህ ክሮሞ ናቸው። ምባህ ክሮሞ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ሲሆን በሱምበራን ውስጥ ያለ እሳቸው ቆጠራ ሰው አያገባም፣ ቤት አይሠራም፣ ጥርሱን አያስነቅልም። ሰውየው የተወለደበትን የሳምንት ቀንና በየአምስት ቀኑ የሚዞረውን የገበያ ቀን ቁጥር ይደምራሉ፣ ያካፍላሉ፣ የተረፈውን አይተው ኮከብ ገጠመ ወይም አልገጠመም ይላሉ። አሁንም ከቀርከሃ አግዳሚው ሳይነሡ፣ ጎማው ጤነኛ መምሰሉ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ ስንት ጤነኛ ሙሽራ በሦስተኛው ወር ተመልሷል፣ የዚህ ጎማ ቀን ከባለቤቱ ቀን ጋር አልገጠመ ይሆናል አሉ። ሰዉ በአንድነት ተነፈሰ። ማንንም የማይነካ ምክንያት ተገኘ።

ቶጋር ስለ ኮከብ የሚያውቀው የለም፤ ስለ ላስቲክ ግን ያውቃል። ሁለት ዓይነት ጎማ አወጣ። ይሄኛው ደረቅ ነው፣ ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ እርጥብ መንገድ ላይ ግን እንደ ሳሙና ነው። ያኛው ለስላሳ ነው፣ በዓመት ተኩል ያልቃል፣ ነገር ግን ኩርባ ላይ ሲያጋድሉት አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ በጎን ያሉት ቦዮችም ውኃውን ወደ ውጭ ይተፉታል። ወፍራሙን ግጠምልኝ የሚሉ አሉ፤ ከቸርኬው በላይ የወፈረ ጎማ ጫማው የሰፋው ሰው ማለት ነው፣ መታጠፊያ ላይ ይወላገዳል። ፖኒራን ይህን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጽፎ ለስላሳውን መረጠ።

«የተወለደው መቼ ነው?» አሉ ምባህ ክሮሞ።

ቶጋር ጥያቄው አላስገረመውም፤ ጎማ የገዛ ሰው ሁሉ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው። ከጎማው ጎን የታተሙትን አራት ቁጥሮች አሳያቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ። በሠላሳ አራተኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ትኩስ ነው አለ። ምባህ ክሮሞ ተነሥተው መጡና ቁጥሩን በጣታቸው ዳሰሱት። በሕይወታቸው ልደቱን ጎድኑ ላይ ጽፎ የሚዞር ፍጡር አጋጥሟቸው አያውቅም። ሰው ስለ ልደቱ ሲዋሽ ነው የኖረው፤ ይሄ መዋሸት እንኳ አይችልም።

የጎደለው ቀኑ ነበር። ፋብሪካው እሁድ ይዘጋ እንደሆን ጠየቁ፤ ይዘጋል መሰለኝ አለ ቶጋር። ስድስት ቀን ቀረ። ምባህ ክሮሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎማውን በሁለት መዳፋቸው ያዙና መልኩ የረቡዕ ነው አሉ። ረቡዕ ሰባት፤ የገበያ ቀኑ ይህን ያህል፤ የፖኒራን ይህን ያህል። ደመሩ፣ አካፈሉ። ገጠመ። አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ።

ቶጋር የኋላውን ጎማ ከጎኑ ሲያስቀምጠው ግን ምባህ ክሮሞ ቁጥሩን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄም ሠላሳ አራተኛ ሳምንት ነው። ከዚያው ፋብሪካ ነው።»

«አዎ ምባህ፣ ጥንድ ናቸው። እንደዚያ ነው የሚሻለው።»

«ወንድምና እህት ልታጋባ ነው?»

ቶጋር ወደ ሰዉ ዞሮ የሚስቅ ፊት ፈለገ። አላገኘም። ድምፁን እንደ ልማዱ ማዶ አሻግሮ፣ ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት ካልሆኑ አንዱ ሲይዝ አንዱ ይለቃል፣ ያን ጊዜ ደግሞ እውነተኛ አደጋ ይመጣል አለ። «እውነተኛ» የሚለው ቃል ለአፍታ አየሩ ላይ ቆየ። ጊዮ አንድ ዓይነት መሆናቸው ግድ ከሆነ መንትያ ሳይሆኑ አንድ ዓይነት የሚሆኑ አይጠፉም አለ። ከዚያ የትኛው ባል የትኛው ሚስት ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ወንዶቹ ፊተኛው ባል ነው፣ መንገዱን የሚመርጠው እሱ ነው አሉ። ቶፉ ልትሸጥ የምታልፍ ሴትዮ ሰምታ፣ ልክ ነው፣ ፊተኛው ፊቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ሸክሙን ተሸክማ የምትገፋው የኋላዋ ናት ብላ ሳትቆም አለፈች። ፖኒራን ማስታወሻ ደብተሩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው።

በመጨረሻ ቶጋር ከመደርደሪያው ጀርባ በሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት የተሠራ፣ ከተመረጠው ጋር ፈጽሞ አንድ ዓይነት የሆነ ጎማ ጎትቶ አወጣ። ምባህ ክሮሞ ጥቂት አሰቡና በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ የወለደች እናት ስለሌለች እነዚህ ቢበዛ የአጎት ልጆች ናቸው፣ ይጋቡ አሉ። ቶጋር ጎማዎቹ ላይ የታተሙትን ቀስቶች ወደ ፊት አዙሮ ገጠመ፣ ንፋስ ሞላ፣ ቁልፉንም ከማስረከቡ በፊት ለሁሉም ደንበኛ የሚለውን አለ። አዲስ ጎማ ላዩ ሰም እንደተቀባ ነው፣ ያንሸራትታል፤ እስኪፋቅ ድረስ መቶ ኪሎ ሜትር በቀስታ ይንዱ፣ ብዙ አያጋድሉ፣ ፍሬን በድንገት አይያዙ።

«ሁለት እጅዎን ደግሞ መሪው ላይ፣» አለ።

ከተሰበሰበው ሰው ማንም ማንንም አላየም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፖኒራን ሞተሩን ግቢ ውስጥ ሲያጥብ ዋርሲቲ ወጣች። ፊተኛውን ጎማ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ለስላሳ ነው፣» አለች።

ፖኒራን ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ቦዮቹ፣ ስለ ሠላሳ አራተኛው ሳምንትና ስለ ረቡዕ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳት። ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ኮከቡ ከእርስዎ ጋር ገጥሟል አሉ።»

«ገጥሟል።»

«ከእኔስ ጋር?»

ያን የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ነገራት። «እሁድ አያለሁ» ብላ ወደ ማድቤት ተመለሰች። ፖኒራን ይህ አዎ ይሁን አይሁን እስኪገባው ድረስ ፓራፋንጎውን ሦስት ጊዜ አጠበው።

መቶውን ኪሎ ሜትር በሜዳው መንገድ ላይ ጀመረ። ጎማው በየቀኑ እየተሻለው ሄደ፤ የፖኒራን እጅ ግን ባለበት ነው። በሱምበራን ሰላም ሳይሉ፣ አንገት ሳይሰብሩ፣ እጅ ሳይነሡ ማለፍ አይቻልም። ፖኒራን ከእንግዲህ ሰላምታ በአገጭ ብሎ ወስኗል። በማግሥቱ እሁድ እጁ ለአስተማሪው ተነሣ፣ ለመስጊዱ ኢማም ተነሣ። ሰኞ ጎሽ ለሚጠብቁ ሽማግሌ ተነሣ። ማክሰኞ ገና ሊቆጣው ሳይደርስ፣ ኮፍያ ለደፋ የወፍ ማስፈራሪያ ተነሣ። ያን ቀን ሞተሩን ከመንገድ ዳር አቁሞ ቀኝ መዳፉን አጥፍቶ እንደተያዘ ልጅ አየው። እጁ ይቅርታ አልጠየቀም።

ሐሙስ ዕለት እጁ አሥር ሰው አሳልፎ ባለበት ቆየ። ዓርብ ማንም አላስነሣውም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጸሐፊው አዲስ ጎማ ካስገጠሙ ወዲህ ኩራተኛ ሆነዋል የሚል አቤቱታ ለጽሕፈት ቤቱ ቀረበ። ፖኒራን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ማኅተም መትቶ ፋይል አደረገው። ደስ አለው ማለት ይቻላል።

የእጮኝነቱ እሁድ ጠዋት አሥራ አራት ሞተር ከበሩ ተሰለፈ። ትሪዎቹ በሴላፎን ተሸፍነዋል፤ ሙዙ፣ ኬኩ፣ ጨርቁ፣ የወርቅ ቀለበቱ። ጃትሚኮ ሁለት ጊዜ ሸሚዝ ቀይሮ ሦስተኛውን ለብሷል። ጊዮ የጎመን ቅርጫቱን አውርዶ ከጀርባው ያለውን መቀመጫ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፤ ለምባህ ክሮሞ ነው አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ዋርሲቲ አረንጓዴ ልብሷን ለብሳ፣ የኬኩን ትሪ ይዛ ወጣችና በሁለቱ ሞተሮች መሀል ቆመች። ሻሿን አስተካከለች። ደግማ አስተካከለች። ፖኒራን ዓይኑን ከፍጥነት መለኪያው ላይ አላነሣም፤ መለኪያው ዜሮ ይላል። ከዚያ ሞተሩ ከኋላ ዝቅ አለ። በአንድ ጎን ተቀምጣለች፣ ትሪው ጭኗ ላይ ነው። በጀርባውና በትከሻዋ መካከል አንድ ጭብጥ የሚያህል ክፍተት አለ። ክፍተቱ እንደሚያሳክክ ልብስ ጀርባው ላይ ይሰማዋል፤ ሆኖም ተቀምጣለች።

ወደ ኮረብታው ወጡ። መንገዱ ከሌሊቱ ዝናብ አልደረቀም። ጎማው ቶጋር እንዳለው አስፋልቱን ቆንጥጦ ያዘ፤ በየመታጠፊያው ሞተሩ ሳይግደረደር ያጋድላል፣ ሳይጎተት ይመለሳል። ፖኒራን ያገኘውን ሰው ሁሉ በአገጩ ሰላም እያለ አለፈ።

የምንጩ ኩርባ ጫፍ ላይ ብቅ ሲል አያቸው። የልጅቷ ወገኖች እንግዶቻቸውን ለማክበር መንገድ ድረስ ወጥተዋል። አሥራ አንድ ሰው በጥለት ያሸበረቀ ባቲክ ሸሚዙንና ረጅም ልብሱን ለብሶ፣ አንዱ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ፣ ልክ ኩርባው ላይ፣ ከሩዝ ማሳው ዳር ተደርድሯል። መሀላቸው የልጅቷ አባት ፓክ ሱዋርኖ ቆመዋል።

አስተዳዳሪን በአገጭ ማለፍ ይቻል ይሆናል። የልጅህን ሚስት አባት፣ ያውም በእጮኝነት ቀን፣ ያውም መንገድ ድረስ ወጥተው ቆመው፣ በአገጭ የሚያልፍ ሰው አልተወለደም። ይህን ፖኒራን ያውቃል፤ እጁ ከእሱ አስቀድሞ አውቋል። አንድ ጣት ለቀቀ። ሁለተኛው ተከተለ። ከጀርባው ሴላፎኑ ሲንኮሻኮሽ ሰማ፤ ዋርሲቲ ትሪውን በሁለት እጇ እያጠበቀች ነው። ሦስተኛው ጣት መላላት ጀመረ።

ፓክ ሱዋርኖ ፖኒራንን አዩ። ከዚያ ቀኝ እጁን አዩ። ዝቅ ባለ ድምፅ አጠገባቸው ላሉት አንድ ነገር ተናገሩ። አሥራ አንዱም ሰው፣ ጃንጥላው ጭምር፣ ሳይቸኩል፣ ሳይሳሳቅ፣ ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ማሳውን ያይ ጀመር። ማሳው ላይ ምንም አልነበረም። ሩዙ ታጭዷል፤ ያለው ጭቃ ብቻ ነው።

ፖኒራን በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። ጊዮ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሯል። ከጊዮ ጀርባ ምባህ ክሮሞም ወደ ማሳው ያያሉ። ከእነሱ ኋላ ያለው ሰልፍ በሙሉ አንገቱን አዙሮ፣ እንደ አንድ ሰው፣ ያንኑ ባዶ ጭቃ በታላቅ ጥሞና ይመለከታል።

እጅ የሚነሣለት ፊት አልቀረም፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ወደ መሪው ተመለሱ። ሞተሩ አጋደለ፣ በአሥራ አንድ ባቲክ ጀርባዎች ፊት ቀስ ብሎ ዞረ፣ ቀና አለ። መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ትሪው ነው። ቀጥሎ የዋርሲቲ ግንባር ጀርባው ላይ ዐረፈና ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር፤ ማልቀስ አልነበረም።